ዌብቱፓይን ከየትኛውም ፎልደር መጥራት፦ የሦስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ሶማሌ ተራ ላለ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከአምስት ዓመት በፊት በዌብቱፓይ፣ ማለትም በፓይተን ቋንቋ በሚሠራ የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ)፣ የሠራሁት የዕቃ መቆጣጠሪያ አሁንም በሥራ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ኡቡንቱ 22.04 የተጫነበት ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ፓይተኑ 3.10፣ ዳታቤዙ ደግሞ ኤስኪውላይት ነው። ከሲስተሙ ጎን ለብቻቸው የሚነሡ ስድስት ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉ፦ አንዱ በየሌሊቱ ሊያልቁ የተቃረቡ ዕቃዎችን ዝርዝር ያወጣል፣ አንዱ የዳታቤዙን መጠባበቂያ ቅጂ ያስቀምጣል፣ አንዱ የወሩን ሽያጭ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዘጋል፣ የቀሩት ሦስቱ ከአቅራቢዎች የሚመጡ የዋጋ ዝርዝሮችን ያስገባሉ። እስከ አሁን ሁሉም ዌብቱፓይ ፎልደር ውስጥ ተወሽቀው ነበር። አሁን ወደ ራሳቸው ፎልደር ወጥተው፣ ከየትም ቢነሡ የዌብቱፓይን ሞጁሎች (ሌላ ፕሮግራም የሚጠራቸውን የኮድ ፋይሎች) እንዲያገኙ ማድረግ እፈልጋለሁ።

ትእዛዞችንና የፋይል ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት ግን በላቲን ነው።

1ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

የመጀመሪያውን ስክሪፕት ወደ አዲሱ ፎልደር አዛውሬ ሳስነሣው፣ እንደጠበቅሁት «ግሉዎን የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ቆመ። ግሉዎን የዌብቱፓይ ዋና ሞጁሎች በሙሉ የሚገኙበት ፎልደር ስም ነው። እንደ ጃንጎ ወይም ፍላስክ ያለ ሌላ ፍሬምወርክ ቢሆን ኖሮ በፒፕ (የፓይተን ጥቅሎች መጫኛ) ተጭኖ ፓይተን በሚያውቀው ቦታ ስለሚቀመጥ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ዌብቱፓይ ግን በቺካጎ የዲፖል ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ማሲሞ ዲ ፒዬሮ በ2007 ሲያወጡት ለማስተማሪያ ያሰቡት ስለነበር፣ ተማሪው ዚፑን ፈትቶ አንድ ፋይል በማስነሣት ብቻ ሥራ እንዲጀምር ተደርጎ ተሠርቷል። መጫን የሚባል ነገር የለውም። ለተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የእኔ ችግር ግን ከዚያው ይመነጫል፣ ምክንያቱም ያልተጫነ ነገር የት እንዳለ ፓይተን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ፓይተን «ኢምፖርት» (ሞጁል ጥራ) ሲባል የሚፈልገው «ሲስ.ፓዝ» በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ባሉት ፎልደሮች ነው። ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች እየሄደ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል፤ ከዝርዝሩም አናት ላይ የሚቀመጠው ስክሪፕቱ ራሱ ያለበት ፎልደር ነው። ስክሪፕቶቹ እስከ ዛሬ የሠሩት ከግሉዎን ጎን ስለተቀመጡ ብቻ እንጂ እኔ ያዘጋጀሁላቸው ነገር ኖሮ አልነበረም።

ፈጣኑን መንገድ ያዝሁ። በስድስቱም ስክሪፕቶች አናት ላይ ዌብቱፓይ ያለበትን «/ሆም/ስቶክ/ዌብቱፓይ» የሚባል አድራሻ ወደ ሲስ.ፓዝ የሚጨምሩ ሁለት መስመሮችን ለጠፍሁ። ሁሉም ሠሩ። ጠቅላላ የወሰደው ጊዜ 20 ደቂቃ ነው።

1ኛ ሳምንት፣ ዓርብ

የሰኞው ፍጥነት ዋጋ አስከፈለኝ። ማክሰኞ ዕለት የሆም ክፍልፋይ እየሞላ ስለነበር ዌብቱፓይን በሙሉ ወደ «/ኦፕት/ዌብቱፓይ» አዛወርሁት፤ ከዚያም የስክሪፕቶቹን መስመሮች አንድ በአንድ አረምሁ፤ ታዲያ አምስቱን አርሜ አንዱን ረሳሁ። የረሳሁትም መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጠውን ኖሯል። ሦስት ሌሊት ሙሉ ቅጂ እንዳልተቀመጠ ያወቅሁት ዛሬ የቅጂዎቹን ፎልደር ለሌላ ጉዳይ ስከፍት ነው። ዕቃ አልጠፋም፣ ሒሳብም አልጠፋም፤ ነገር ግን አንድን አድራሻ በስድስት ቦታ መጻፍ ስድስት የስሕተት በር መክፈት መሆኑን ለማየት ከዚህ የባሰ መጠበቅ አያስፈልግም።

አድራሻውን በአንድ ቦታ ለማድረግ «ፓይተንፓዝ» የተባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል፣ ማለትም ፓይተን ሲነሣ ከውጭ አንብቦ ወደ ሲስ.ፓዝ የሚጨምረውን እሴት፣ ሞከርሁ። በተጠቃሚው «ባሽአርሲ» ፋይል መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርሁና አዲስ ተርሚናል ከፍቼ ከሦስት የተለያዩ ፎልደሮች ሞከርሁ፤ ሦስቱም ሠሩ። ከስክሪፕቶቹ ውስጥ የድሮዎቹን መስመሮች በሙሉ አወጣሁ።

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሌሊቱን ክሮን (ሥራዎችን በተቀጠረ ሰዓት የሚያስነሣው ፕሮግራም) ካስነሣቸው ሦስት ስክሪፕቶች አንዱም አልሠራም፤ የሰኞው የስሕተት መልእክት ተመልሶ መጥቷል። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደም፦ ባሽአርሲ የሚነበበው ሰው ተርሚናል ሲከፍት ነው፤ ክሮን ግን ሥራውን የሚጀምረው ከጥቂት ቫሪያብሎች በስተቀር ባዶ በሆነ ሁኔታ ስለሆነ ያንን ፋይል አያየውም። ሱዶም (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስነሣው) እንዲሁ ነው፤ በተለመደው አቀማመጡ የተጠቃሚውን ቫሪያብሎች አራግፎ ነው ትእዛዙን የሚያስነሣው። የክሮን ሥራዎች በሚጻፉበት በክሮንታብ አናት ላይ ቫሪያብሉን እንደገና መጻፍ ይቻላል፣ ጽፌም ሠርቷል፤ ይሁን እንጂ ከስድስት ቦታ ሸሽቼ ሦስት ቦታ ላይ መድረሴ ነው።

ፓይተንፓዝን የተውሁበት ሌላም ምክንያት አለ። በእርሱ የተጨመሩ ፎልደሮች በሲስ.ፓዝ ውስጥ ከፓይተን የራሱ ቤተ መጻሕፍት በፊት ይቀመጣሉ። በፎልደሩ ውስጥ ከፓይተን መደበኛ ሞጁሎች የአንዱን ስም የያዘ ፋይል በስሕተት ቢገባ፣ በዚያ ተጠቃሚ ስም የሚነሣ ማንኛውም የፓይተን ፕሮግራም የእኔን ፋይል ነው የሚወስደው። አንድ ሱቅ የሚተዳደርበት ኮምፒውተር ላይ ይህንን አልፈልግም።

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ቀጣዩ ሙከራ የ«ፒቲኤች» ፋይል ነው። ፓይተን ሲነሣ «ሳይት» የተባለው ሞጁል ተጨማሪ ጥቅሎች የሚቀመጡባቸውን ፎልደሮች ይቃኝና፣ በ«ነጥብ ፒቲኤች» የሚያልቅ ፋይል ካገኘ በየመስመሩ የተጻፈውን አድራሻ በሲስ.ፓዝ መጨረሻ ላይ ይጨምራል። ቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ መሆኑ መልካም ነው፤ የፓይተንን መደበኛ ሞጁሎች የሚጋርድ ነገር አይኖርም። የሚያነበውም ተርሚናሉ ሳይሆን ፓይተን ራሱ ስለሆነ በክሮንም፣ በሱዶም፣ በማንኛውም ተጠቃሚም ይሠራል።

ፋይሉን የፈጠርሁት «ሳይት-ፓኬጅስ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነበር፣ ምክንያቱም መመሪያዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ያንን ስም ነው። ምንም አልተለወጠም፤ ስሕተትም አልተነገረኝም። ደቢያንና ከእርሱ የወጣው ኡቡንቱ በሲስተሙ ፓይተን ላይ የሚጠቀሙት «ዲስት-ፓኬጅስ» የሚባለውን ፎልደር መሆኑን ያስታወሰኝ «ፓይተን3 ሰረዝ-ኤም ሳይት» የሚለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ ሲስ.ፓዝን እንዳለ ያትማል። ከመጀመሪያው እርሱን አስነሥቼ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ሰዓት አላባክንም ነበር። ትክክለኛው ቦታ «/ዩዝር/ሎካል/ሊብ/ፓይተን3.10/ዲስት-ፓኬጅስ» ነው።

ፋይሉ ሁለት መስመሮች አሉት። የመጀመሪያው የዌብቱፓይ አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው ስድስቱ ስክሪፕቶች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የራሴ ሞጁሎች ያሉበት ፎልደር ነው፤ የቀን መለወጫውና ሎግ (የሥራ መዝገብ) የሚጽፈው እዚያ ናቸው። ግሉዎንን ከ«/ቲኤምፒ» ፎልደር ሆኜ ጠራሁት፣ መጣ፤ በሱዶ ጠራሁት፣ መጣ። ሱቁ ሊዘጋ ስለነበር በዚህ ተለያየን።

2ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

ዛሬ የገጠመኝን ስሕተት ለመረዳት ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

የዕቃ ዝርዝር የሚያወጣው ስክሪፕት ግሉዎንን አግኝቶ አለፈና፣ «ሎግስ የተባለው ሞጁል ጻፍ የሚባል ነገር የለውም» ብሎ ቆመ። «ሎግስ» የራሴ ሞጁል ነው፤ «ጻፍ» የሚለውም ተግባር በውስጡ አለ፣ ዐይኔ እያየው ነው። ሞጁሉ ባይገኝ ኖሮ «የለም» ይለኝ ነበር፤ ተገኝቷል ግን ባዶ ነው የሚለው። ፋይሉን ደጋግሜ ከፍቼ አየሁ፣ ፓይተን የተተረጎመ ኮድ የሚያስቀምጥባቸውን የፓይካሽ ፎልደሮች አጠፋሁ፣ ኮምፒውተሩንም አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ይህ የመጨረሻው ከእውቀት ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው።

በመጨረሻ ሞጁሉ ከየት እንደመጣ ራሱን ጠየቅሁት፤ ፓዙ እንዲታተም ሳደርግ «/ኦፕት/ዌብቱፓይ/ሎግስ» አለኝ። ነገሩ የሁለት ስሕተቶች ድምር ኖሯል። አንደኛ፣ በፒቲኤች ፋይሉ ሁለተኛ መስመር ላይ የሆም ፎልደሬን በቲልዴ (~) ምልክት አሳጥሬ ጽፌው ነበር። ያንን ምልክት ወደ ሙሉ አድራሻ የሚተረጉመው ሼሉ (ተርሚናል ላይ ትእዛዝ ተቀባዩ) ነው፤ ፓይተን የፒቲኤች ፋይልን ሲያነብ አይተረጉመውም፤ የተጻፈው አድራሻ ከሌለም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይዘልለዋል። ስለዚህ የራሴ ፎልደር ከቶ አልተጨመረም። ሁለተኛ፣ ዌብቱፓይ የሎግ ፋይሎቹን የሚያስቀምጥበት «ሎግስ» የሚባል ፎልደር አለው። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ፣ ፔፕ 420 በተባለው ውሳኔ መሠረት፣ ምንም የፓይተን ፋይል የሌለበት ተራ ፎልደር እንኳ ኔምስፔስ ፓኬጅ ሆኖ ኢምፖርት ይደረጋል። ፓይተን የእኔን ሎግስ ሲያጣ የዌብቱፓይን የሎግ ፎልደር አንሥቶ ሰጠኝ።

ቲልዴውን በሙሉ አድራሻ ተካሁት። ነገር ግን ትልቁ ትምህርት የዌብቱፓይን ፎልደር በሙሉ ለሲስተሙ መክፈት እንደማያስፈልግ ነው፤ በውስጡ ያሉት የተለመዱ የፎልደር ስሞች ሁሉ የሞጁል ስም ሆነው ይቀራሉ። የሚያስፈልገኝ ግሉዎን ብቻ ስለሆነ፣ የዌብቱፓይን መስመር ከፒቲኤች አውጥቼ በዲስት-ፓኬጅስ ውስጥ ወደ «/ኦፕት/ዌብቱፓይ/ግሉዎን» የሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ አስቀመጥሁ። ግሉዎን አብሮት የሚመጣውን ፓይዳልን (ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ጥቅል) የሚፈልገው ከራሱ ፋይል አጠገብ ስለሆነ በሊንኩም ውስጥ አልፎ ያገኘዋል። ዌብቱፓይ ቦታ ቢለውጥ ከእንግዲህ የማስተካክለው ሊንኩን ብቻ ነው።

በዚህ ለውጥ አንድ ስክሪፕት በሱዶ ስሞክረው ተሰበረ፤ የቀን መለወጫውን ከ«አፕሊኬሽንስ» ፎልደር ውስጥ በቀጥታ ይጠራ ነበር። ወደ ጋራው ፎልደር አመለከትሁት።

2ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ

ሞጁሉ ተገኘ ማለት ፍሬምወርኩ ቤቱን ዐወቀ ማለት አይደለም። ይህንን የተረዳሁት በሆም ፎልደር ውስጥ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው አራት ባዶ ፎልደሮች ሳይ ነው፦ አፕሊኬሽንስ፣ ዲፖዚት፣ ሳይት-ፓኬጅስና ሎግስ። ከዋጋ አስገቢዎቹ አንዱ፣ ለምን እንዳስገባሁት አሁን የማላስታውሰው፣ «ግሉዎን.ሜይን»ን የሚጠራ መስመር አለው። ይህ ሞጁል ገና ሲጠራ የዌብቱፓይ ፎልደሮች መኖራቸውን ያረጋግጥና የሌሉትን ይፈጥራል፤ ቀጥሎም «ቨርዥን» የሚለውን ፋይል ፈልጎ ሲያጣ «የዌብቱፓይን ቨርዥን ማወቅ አልተቻለም» ብሎ ይወድቃል። የሚፈልገውና የሚፈጥረው ግን ግሉዎን ባለበት ሳይሆን እኔ በቆምሁበት ፎልደር ነው።

ኮዱን ከፍቼ አነበብሁት። «ሴቲንግስ» በሚለው ሞጁል ውስጥ የዌብቱፓይ ዋና ፎልደር የሚወሰነው «ዌብቱፓይ_ፓዝ» ከሚባል የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ነው፤ ቫሪያብሉ ከሌለ ትእዛዙ የተሰጠበት ፎልደር ይወሰዳል። ሰው ዚፑን ፈትቶ እዚያው ገብቶ የሚያስነሣው ከሆነ ይህ ግምት ሁልጊዜ ትክክል ነው። የእኔ አጠቃቀም ግን ከዚያ ውጭ ነው። እንግዲህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ ማለት ነው፦ ፓይተን ግሉዎንን የት ያገኘዋል የሚለውን ሊንኩ ፈትቷል፤ ግሉዎን ደግሞ ሲስተሞቹንና ዳታቤዞቹን የት ያገኛል የሚለው አልተነካም። ሳምንቱን ሙሉ የመጀመሪያውን ስፈታ ሁለተኛው አብሮ የሚፈታ መስሎኝ ነበር።

የማያስፈልገውን መስመር ከስክሪፕቱ አወጣሁ፣ ባዶዎቹን ፎልደሮች አጠፋሁ። በእርግጥ ለሚያስፈልገው ስክሪፕት ግን ግሉዎን ከመጠራቱ በፊት ቫሪያብሉን የሚሞላና የሥራውን ፎልደር ወደ «/ኦፕት/ዌብቱፓይ» የሚለውጥ ሁለት መስመር ጽፌአለሁ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ግሉዎን አንዴ ከተጠራ በኋላ ቫሪያብሉን መሙላት ዋጋ የለውም።

2ኛ ሳምንት፣ ሐሙስና ዓርብ

ዳታቤዙ። ስክሪፕቶቹ የዌብቱፓይን ዳታቤዝ የሚከፍቱት በዳል (በፓይዳል ውስጥ ባለው የዳታቤዝ ማገናኛ) በኩል ነው። መጀመሪያ ፎልደር ሳልጠቅስ «ስቶሬጅ.ኤስኪውላይት» የሚለውን ስም ብቻ ሰጠሁት፤ ያለ ስሕተት ከፈተ። የከፈተው ግን በቆምሁበት ፎልደር አዲስ የፈጠረውን ባዶ ዳታቤዝ ነበር። ኤስኪውላይት የሌለ ፋይል እንዲከፍት ሲጠየቅ መፍጠሩ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ከረቡዕ ጋር አንድ ዓይነት በሽታ ነው።

ስለዚህ በዳታቤዙ ስም ላይ ሙሉ አድራሻውን ጻፍሁና የፎልደሩንም አድራሻ ጨምሬ፣ «አውቶ ኢምፖርት» የሚለውን ምርጫ አበራሁ። ይህ ምርጫ የሰንጠረዦቹን አወቃቀር በስክሪፕቱ ውስጥ ዳግም ሳልጽፍ፣ ዌብቱፓይ በ«ዳታቤዝስ» ፎልደር ካስቀመጣቸው «ነጥብ ቴብል» ፋይሎች እንዲያነብ ያደርገዋል። ዳታቤዙ ትክክለኛው ነው፣ መጠኑም ትክክል ነው፤ ሆኖም የሰንጠረዦቹ ዝርዝር ባዶ ሆኖ መጣ። ግማሽ ቀን ሄደብኝ። የነጥብ ቴብል ፋይሎች ስም በረጅም የቁጥርና የፊደል ድርድር ይጀምራል፤ ያም የግንኙነቱ አድራሻ ኤምዲ5 ሃሽ (ከጽሑፉ የሚሰላ መለያ) ነው። በሲስተሙ ሞዴል ውስጥ የተጻፈው አጭሩ ስም ነው፤ እኔ በስክሪፕቱ የጻፍሁት ረጅሙን ነው። ሁለቱም ወደ አንድ ፋይል ቢያደርሱም ጽሑፋቸው ስለሚለያይ ሃሻቸው ይለያያል፤ ዳልም በሌላ ስም የሚጀምሩ ፋይሎችን ፈልጎ አጣ። በሞዴሉ ውስጥ ያለውን አጭር ስም አንዲት ነጥብ ሳልለውጥ ገልብጬ፣ ቦታውን በፎልደር ምርጫው ብቻ ስጠቁመው ሰንጠረዦቹ በሙሉ መጡ።

ሰንጠረዦቹን በስክሪፕቱ ውስጥ እንደገና ልጽፋቸው አስቤ ነበር፤ አለማድረጌ መልካም ሆነ። ዳል በተለመደው አቀማመጡ ሰንጠረዡ የተጻፈበትን መልክ ከዳታቤዙ ጋር ለማስተካከል ስለሚነሣ፣ ከሞዴሉ ጋር የማይመሳሰል ጽሑፍ በእውነተኛው ዳታቤዝ ላይ ለውጥ እስከ ማድረግ ያደርሳል። የግድ የሚጻፍ ከሆነ ማይግሬሽን የሚባለው ይህ ማስተካከያ መጥፋት አለበት።

ዓርብ ዕለት ዋጋ አስገቢው 340 መስመሮችን አስገብቶ ጨረሰ፤ ሲስተሙን ስከፍት አንድም አልገባም። ዌብቱፓይ ድረ ገጽ ሲያስተናግድ እያንዳንዱ ጥያቄ ሲያበቃ ራሱ ኮሚት ያደርጋል (ለውጡን ያጸናል)፤ ከውጭ በሚነሣ ስክሪፕት ግን ያንን ማድረግ የጸሐፊው ድርሻ ነው። መጨረሻ ላይ የኮሚት መስመር ጨመርሁ። ከዚህ በፊት ያወቅሁትን ነገር ነው የረሳሁት።

2ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

ከሱቁ ሒሳብ ያዥ ተደወለልኝ፤ «ሽያጭ ልንመዘግብ ስንል ዳታቤዙ ተቆልፏል ይለናል» ይላሉ። ስልኩን እንደያዝሁ ክሮንታቡን ከፈትሁ። የሌሊቱን ሥራ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲነሣ ወስኜ ነበርና በክሮንታብ የጻፍሁት 8 ነው። ለክሮን 8 ማለት የእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ሱቁ ተከፍቶ ገበያ የሚጀምርበት ሰዓት። ኤስኪውላይት ሲጻፍበት ዳታቤዙን በሙሉ ስለሚቆልፍ ሁለቱ ተጋጩ። 2 ብዬ አረምሁት፤ ከጎኑም «ከሌሊቱ 8» የሚል አስተያየት ጻፍሁ።

የወር መዝጊያው የሚጠበቀውን ያህል አላስቸገረም። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጅ ወሮችን ብቻ ስለሆነ ስክሪፕቱ በየሌሊቱ ይነሣና «ነገ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1 ነው ወይ» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ዝም ብሎ ይወጣል። ቀኑ 30 መሆኑን ቢጠይቅ ኖሮ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜን ሳትዘጋ ታልፍ ነበር። ይህ ስክሪፕት በሞዴሉ ውስጥ የተጻፉ የስሌት አምዶችን ስለሚጠቀም አውቶ ኢምፖርት አይበቃውም፤ የነጥብ ቴብል ፋይሎች የአምዶቹን ዓይነት ይይዛሉ እንጂ ስሌቱን አይዙም። ስለዚህ እርሱን ብቻ በዌብቱፓይ በራሱ በኩል፣ «ዌብቱፓይ.ፓይ» ከሚለው ቀጥሎ በትልቁ ኤስ የሲስተሙን ስም፣ በኤም ሞዴሎቹን፣ በአር ስክሪፕቱን ሰጥቼ አስነሣዋለሁ። ትልቁን ኤስ በስሕተት ከፋይሉ ስም በፊት ጽፌው ነበር፤ እዚያ ቦታ ላይ ሲሆን የሚወስደው ፓይተን ራሱ ነው፤ ለእርሱም «ሳይትን አትጫን» ማለት ስለሆነ የፒቲኤች ፋይሌ ሳይነበብ ቀረ። አንድ ፊደል፣ ሁለት ባለቤት።

3ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ቃሊቲ

ሱቁ ቃሊቲ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ ፓይተኑም 3.12። ሁሉንም ከማስታወሻዬ እያየሁ በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ ብዬ ሄድሁ፤ ሁለት ቀን ተመላለስሁ። ትራንስፖርቱና የሞባይል ዳታው በድምሩ 310 ብር ወጥቷል።

የመጀመሪያው ስሕተት ማስታወሻውን ሳላስብ መገልበጤ ነው። ፎልደሩን የሚፈጥረው ትእዛዝ ከነወላጆቹ እንዲፈጥር የተጻፈ ስለነበር፣ በዚህ ኮምፒውተር ላይ የሌለውን የ«ፓይተን3.10» ፎልደር ያለ ቅሬታ ፈጠረልኝ፤ ሊንኩም እዚያ ተቀመጠ። 3.12 ደግሞ የ3.10ን ቤት አይጎበኝም። ዋናውን ኮምፒውተር ባሻሻልሁ ቀን እዚያም ይኸው እንደሚደርስ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው፣ አሮጌውን ቅጂ በ3.12 ላይ ማስነሣት ስላልፈለግሁ አዲሱን ዌብቱፓይ ጊት በተባለው የኮድ ማከማቻ መሣሪያ አወረድሁ፤ ግሉዎን ሲጠራ «ዌብቱፓይ ፓይዳልን ይፈልጋል» ብሎ ቆመ። ፓይዳል በተለየ ማከማቻ የሚኖር ሰብሞጁል ስለሆነ፣ ክሎን ሲደረግ «ሪከርሲቭ» የሚለው ምርጫ ካልተሰጠ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል። መልእክቱ መፍትሔውን ጭምር ጽፎ ስለሚሰጥ በዚህ አልደከምሁም። ዚፑን ለሚያወርድ ሰው ይህ አይገጥመውም።

ሦስተኛው የራሴ ሞጁል ነው። የቀን መለወጫው ፋይል አናት ላይ «ኢምፕ» የሚባለውን የድሮ ሞጁል የሚጠራ መስመር ነበር፤ እርሱ ከፓይተን 3.12 ተወግዷል። የማይጠቅም መስመር ስለነበር ሰረዝሁት።

3ኛ ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ቃሊቲ

ዋጋ አስገቢዎቹ ሦስቱ ከግሉዎን የሚፈልጉት ዳልን ብቻ መሆኑን ሳይ፣ ግሉዎንን ትቼ ፓይዳልን ብቻ በፒፕ ልጭንላቸው ወሰንሁ። ፒፕ እንቢ አለ፤ «ይህ ፓይተን በሌላ አካል የሚተዳደር ነው» ይላል። የሲስተሙ ፓይተን የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ በሆነው በኤፒቲ ስለሚተዳደር፣ ከኡቡንቱ 23.04 ጀምሮ ፒፕ በላዩ ላይ እንዳይጭን ተከልክሏል። ክልከላውን የሚሰብር ምርጫ አለ፣ ስሙም «ሲስተሙን ስበር» እንደማለት ነው። አልተጠቀምሁበትም፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ሳይነሣ ቢቀር ቃሊቲ ድረስ የምሄደው እኔ ነኝ።

ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ቬንቭ)፣ ማለትም የራሱ ጥቅሎች ያሉት የተለየ ፓይተን፣ በ«/ኦፕት/ስቶክኤንቭ» ፈጠርሁ፤ በኡቡንቱ ለዚህ የቬንቭን ጥቅል ቀድሞ በኤፒቲ መጫን ያስፈልጋል። ፓይዳልን በውስጡ በፒፕ ጫንሁ፤ የግሉዎንን ሊንክና የፒቲኤች ፋይሉንም በውስጡ አስቀመጥሁ። እዚህ የፎልደሩ ስም ዲስት-ፓኬጅስ ሳይሆን ሳይት-ፓኬጅስ ነው፤ የደቢያን ልዩ ልማድ በቬንቭ ውስጥ አይሠራም። ከዚያም በየስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ የዚህን ፓይተን ሙሉ አድራሻ ጻፍሁ። አክቲቬት ማድረግ አያስፈልግም፤ ክሮንም፣ ሱዶም፣ ተጠቃሚውም ስክሪፕቱን በስሙ ሲጠሩት በዚሁ ፓይተን ይነሣል።

ይህ በጥሬ ትርጉሙ ለኮምፒውተሩ በሙሉ ማድረግ አይደለም፤ በሲስተሙ ፓይተን ግሉዎንን የጠራ ሰው አያገኘውም። ለእኔ ግን ከተነሣሁበት የተሻለ ነው፤ የሚያስፈልገኝ ስክሪፕቶቹ ከየትም ሲነሡ እንዲሠሩ እንጂ ማንኛውም የፓይተን ፕሮግራም ዌብቱፓይን እንዲያይ አልነበረም።

3ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

የሶማሌ ተራውንም ኮምፒውተር በዚሁ መልክ አደረግሁት። የድሮውን ሊንክና የፒቲኤች ፋይል ከዲስት-ፓኬጅስ አወጣሁ፣ ስድስቱንም ስክሪፕቶች ከሆም፣ ከቲኤምፒና በክሮን ሞከርሁ፤ ሁሉም ሠሩ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ሲስ.ፓዝን አንድ ጊዜ አሳተምሁና ከአናቱ ላይ «/ኦፕት/ዌብቱፓይ»ን አየሁት። የመጀመሪያው ሳምንት የፓይተንፓዝ መስመር በባሽአርሲ ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጦ ነበር፤ ቬንቭም ቢሆን ያንን ቫሪያብል ይታዘዛል። በክሮንታቡ አናትም እንዲሁ። ሁለቱን ሰርዤ፣ ተርሚናሉን ዘግቼ ከፍቼ፣ ሙከራውን ከመጀመሪያ ደገምሁ። አንዱ ዋጋ አስገቢ ወደቀ፤ በውስጡ የቀረ «አፕሊኬሽንስ» የሚጠራ መስመር ነበረው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ የተረሳ ቫሪያብል ነበር የደገፈው። አረምሁት፤ ስድስቱም አለፉ።

እስከ አሁን የሄደው ጊዜ ወደ 26 ሰዓት ነው። የወር መዝጊያውን በሐሰተኛ ቀኖች፣ ጳጉሜን 5 እና 6ን ጨምሮ፣ ሞክሬዋለሁ፤ በእውነተኛ ቀን የሚፈተነው ግን ዓመቱ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ የወሩን ሪፖርት ሒሳብ ያዡ ጎን ለጎን በእጃቸውም እንዲይዙ ተስማምተናል።